አምባሳደሩ ያልጨረሱት ደብዳቤ

ይህን ታሪክ ለሰው ሳወራ ሁልጊዜ ከጭነት መኪናው ነው የምጀምረው። መኪናው ላይ ስወጣ ሰው ከንፈሩን ይመጥልኛል፣ «አይ መከራ!» ይላል፣ ወሬውም በዚያው ያልቃል። ዛሬ ግን ብዕር ይዤ ተቀምጫለሁና ከሥሩ ልንገራችሁ። መኪናው የወሰደኝ ሐሙስ ጠዋት ነው። ነገሩ ያለቀው ግን ረቡዕ ቀትር ላይ፣ በገዛ አፌ ነው።

ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ጅቡቲ ከተማ ውስጥ በአንድ አምባሳደር ቤት አዳሪ ሠራተኛ ነበርኩ። አምባሳደሩ ጅቡቲያዊ ናቸው። አገራቸውን ወክለው አዲስ አበባ ሲኖሩ ቀጠሩኝ፤ ጊዜያቸው አልቆ ሲመለሱ ሚስታቸው ማዳም «ጽጌን ትቼ አልሄድም» ብላ ይዛኝ መጣች። እንግዲህ ከነሱ ጋር አዲስ አበባ አራት፣ ጅቡቲ ሰባት፣ በጠቅላላው አሥራ አንድ ዓመት ኖሬያለሁ።

ደግ ሰው ነበሩ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ላይ እንዳትረሱት ነው። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጥኩ ሰው አይደለሁም፤ አማርኛውን ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ለቃቅሜ ነው ማንበብ የተማርኩት። ፈረንሳይኛውን ደግሞ ከአምባሳደሩ የቆሻሻ ቅርጫት ተማርኩ። እሳቸው አንድ ደብዳቤ አምስት ስድስት ጊዜ ይጽፋሉ፤ ያልወደዱትን ጨምድደው ይጥሉታል። እኔ ያንን አውጥቼ፣ ሸሚዛቸውን ስተኩስ መሀል ላይ በካውያ እተኩሰውና አንሶላዬ ሥር አኖረዋለሁ። አንድ ቀን ካውያውን እንደያዝኩ ደረሱብኝ።

«ጽጌ! የመንግሥት ምስጢር ነው እኮ የምትተኩሺው!» አሉኝ።

እኔ በድንጋጤ ልሞት፣ እሳቸው በሳቅ ሊሞቱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከምሳ በኋላ ሩብ ሰዓት እያስቀመጡ ያስነብቡኝ ጀመር። «ጥሩ ደብዳቤ ማለት» ይሉኝ ነበር፣ «ነገ ሰው አንብቦ ቢጠይቅሽ መውጫ በር ያለው ነው።» እኔም ትምህርት መሰለኝና አጠናሁት።

በዚያ ዓመት የአንደኛ ደረጃ መጨረሻ ፈተና ልፈተን ተመዘገብኩ። ከአሥራ ሁለት ዓመት ልጆች ጋር፣ በሃያ ዘጠኝ ዓመቴ! የመመዝገቢያው ወረቀት ስሜን ከነአባቴ ስም ይዟል። በሕይወቴ የኔ የምለው ወረቀት እሱ ብቻ ነበር። የመኖሪያ ካርዴ እንኳ የኔ አልነበረም፤ እሱ በአምባሳደሩ መሥሪያ ቤት ዋስትና የወጣ ስለሆነ ከኔ ስም ሥር የሳቸው ማዕረግና የመሥሪያ ቤቱ ስም ተጽፎበታል። ሰባት ዓመት ሙሉ ፖሊስ ባስቆመኝ ቁጥር ያንን ካርድ ሳሳይ «ሂጂ እህቴ» እባላለሁ። እንዴት እንደምኮራበት!

ታዲያ ምርጫ መጣ። አምባሳደሩ ከተቃዋሚዎቹ ወገን ለምክር ቤት ሊወዳደሩ ወሰኑ። የመንግሥት ሥራ ይዞ ያንን ማድረግ አይቻልምና የመልቀቂያ ደብዳቤያቸውን ጻፉ። ስድስት ጊዜ ጽፈው ሰባተኛውን ሲፈርሙ የሎሚ ሻይ ይዤ የገባሁት እኔ ነኝ። ማዳም አለቀሰች፤ እኔ አጨበጨብኩ። በዚያች ፊርማ የኔም ካርድ አብሮ እንደሞተ ማን ያውቃል? ሠላሳ ዓመት በወረቀት መሀል የኖሩት እሳቸው አላሰቡትም። ካርዱን በየቀኑ በጡት መያዣዬ ውስጥ ይዤ የምዞረው እኔም አላሰብኩትም።

ከዚያ በኋላ ቤታችን የሰው መናኸሪያ ሆነ። ከሰዓት ከሰዓት እንግዶች ጫት ይዘው ፍራሹ ላይ ዙሪያውን ይቀመጣሉ፤ አምባሳደሩ ይናገራሉ። ንግግራቸው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፃቸው ከፍ ይላል። «በዚህች አገር ወረቀት በዘመድና በወዳጅ የሚወጣበት ዘመን ማብቃት አለበት! ሁሉም ሰው በአንድ መስኮት ይሰለፍ!» እኔ ከመጋረጃው ኋላ ቆሜ አብሬያቸው በከንፈሬ እላለሁ። በቃሌ ይዤዋለሁ።

እንግዲህ ወደዚያ ረቡዕ ልመለስ። ምርጫው ዓርብ ነው።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አምባሳደሩ አንድ ጥቅል የቅስቀሳ ወረቀት ሰጡኝ። «ካርቲየ ስድስት ሰፈር ልብስ ሰፊው ዘንድ አድርሺልኝ፤ ዛሬ የመጨረሻ ቀናችን ነው።» ሚኒባስ ያዝኩ። ቡላኦስ የሚባለው ሰፈር ላይ ስወርድ ፖሊሶች መንገዱን ዘግተው የውጭ አገር ሰው ይለቅማሉ። እኔ ምን አስጨንቆኝ! እንዲያውም ወደነሱ ነው የሄድኩት፣ ቶሎ ላልፍ።

ፖሊሱ ወጣት ነው፤ ካርዴን ገልበጥ መለስ አድርጎ አየው።

«አሠሪሽ እኚህ ናቸው?»

«አዎ፣ አምባሳደሩ።»

«እሳቸው እኮ ለቀቁ። አንቺ ሬዲዮ አትሰሚም?» አለና ካርዴን ኪሱ ከተተው። «ይሄ የሚሠራው እሳቸው መሥሪያ ቤቱ ውስጥ እስካሉ ነው። እዚያ መኪና ላይ ውጪ።»

«ወንድሜ፣ እሳቸው እኮ ዕጩ ናቸው! ይኸው ፎቷቸው!» ብዬ ጥቅሉን ፈታሁለት።

አንዱን ወረቀት አንስቶ አየና ለጓደኛው አሳየው። ሁለቱም ሳቁ። ጥቅሌን ሰብስቤ የፖሊስ መኪናው ላይ ወጣሁ።

የወሰዱን ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ ግቢ ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሽቦ አጥር፣ አንድ የውኃ በርሜል። ሴቶቹ አንድ ጥግ ተኮልኩለናል። አጠገቤ የተቀመጠችው ሮማን ትባላለች፤ አርሂባ በሚባለው ሰፈር ሳምቡሳ እየጠበሰች ለወደብ ሠራተኞች የምትሸጥ፣ ምላሷ እንደ ዘይቷ የሚፈጅ ሴት ናት። ሦስተኛ ጊዜዋ ነው።

«አንቺ ለምንድነው እንዲህ ቀጥ ብለሽ የምትቀመጪው? ፎቶ ልትነሺ ነው?» አለችኝ።

«እኔ አልቆይም። አሠሪዬ አምባሳደር ናቸው፣ ይመጣሉ።»

«ውይ! ሰዎች፣ ተነሡላት፣ የኤምባሲ ሰው ናት!» ብላ አሳቀችብኝ። ቀጥላም «የአንዲት ጓደኛዬ አሠሪ ፈረንጅ ነው። ለውሻው ካርድ አውጥቶለታል፣ ፎቶ ያለው። እሷ ባለፈው ዓመት በዚህች በር ስትወጣ ውሻው የመኖሪያ ፈቃድ ነበረው» አለች።

ሳቅሁ። እንደዚያ ባለ ቦታም ይሳቃል።

አንድ ዘበኛ ስልኩን አዋሰኝ። አምባሳደሩ አንድ ጊዜ እንደጠራ አነሱት። «የት ነሽ? ... አውቄዋለሁ። ከዚያ እንዳትንቀሳቀሺ፤ መጣሁ።» በሽቦ አጥር ውስጥ ያለን ሰው አትንቀሳቀሺ! ግን ድምፃቸውን ስሰማ እንባዬ መጣ። ይመጣሉ ማለት ይመጣሉ ነው።

ከቀትር በፊት ደረሱ። ከረባት አስረዋል፣ ጥቁር ኮታቸውን ለብሰዋል፣ በግራ እጃቸው አንድ ሰማያዊ ቦርሳ ይዘዋል። የኔ ቦርሳ ነው። ማዳም ልብሴን አጣጥፋ፣ የመፈተኛ ወረቀቴን በፕላስቲክ ጠቅልላ ላይ ላይ አስቀምጣዋለች። «እንዴት ያስቡልኛል!» አልኩ በሆዴ። ዘበኛው ሁለታችንንም ወደ ሹሙ ቢሮ ወሰደን።

ስገባ ሹሙን አየሁት፤ አብዲ ነው! አዲስ አበባ ኤምባሲው ውስጥ የአምባሳደሩ ትንሹ ጸሐፊ ነበር። ሰውነቱ ወፍሯል፣ ፀጉሩ ሳስቷል። አምባሳደሩን ሲያይ ብድግ አለ።

«ኤክሴላንስ! ክቡርነትዎ፣ እንኳን ደህና መጡ።» ወደኔ ዞሮ በአማርኛ «ጽጌ? አንቺ ነሽ እንዴ? ያ የሎሚ ሻይሽ እኮ እስካሁን አፌ ላይ ነው» አለኝ።

እኔ ልቤ ሞላ። በቃ፣ አበቃ፣ ወደ ቤቴ ልሄድ ነው።

አምባሳደሩ ተቀመጡ። «አብዲ፣ ስህተት ተፈጥሯል።»

«ስህተት የለም ኤክሴላንስ። ካርዷ የርስዎን ሥራ ተከትሎ የሚሄድ ነው። ሲለቁ በግልዎ ሊያመለክቱላት ይገባ ነበር።»

በአምባሳደሩ ግንባር ላይ የሆነ ነገር አለፈ፤ ረስተውት እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። «እንግዲያው አሁን ላመልክት» አሉ።

«አሁን አይሆንም። ግን ስለ ድሮው ቀን አንድ ነገር አደርጋለሁ። ግማሽ ገጽ ይጻፉልኝ። ስሟን፣ በቤትዎ እንደምትኖር፣ ካርዷ ከሞተ በኋላም እንዳቆዩዋት፣ እንድትለቀቅልዎ እንደሚለምኑ። ይፈርሙበት፤ አሁኑኑ ይዘዋት ይሄዳሉ።»

«እንደምለምን?»

«ከፈለጉ እንደሚጠይቁ ይበሉት።»

«ደብዳቤው የት ነው የሚሄደው?»

አብዲ ወደ መስኮቱ አየ። «ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ልዋሽዎት አልፈልግም። ማታ ሬዲዮ ላይ ቢነበብ፣ ያነበብኩት እኔ አይደለሁም።» የእጅ ሰዓቱን አየ። «ሰባት ሰዓት ላይ ጫት ይመጣል፣ ቢሮው ይዘጋል። የዛሬ ፊርማ እስከዚያ ነው።»

ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር።

አምባሳደሩ ብዕራቸውን አወጡና ጻፉ። እጃቸው ሲሄድ ያምራል፤ ፊደላቸው እንደ ጥልፍ ነው። እኔ ከጠረጴዛው ማዶ ቆሜ በግልባጭ አነባለሁ። የካውያ ተማሪ አይደለሁ! «በታላቅ አክብሮት...» ይላል። «ከቤተሰቤ ጋር በአገልግሎት የተገናኘች አንዲት ሰው ጉዳይ፣ በተለመደው አስተዋይነት ይታይ ዘንድ...» ይላል። ወርጄ ወርጄ ስሜን ፈለግሁት። የለም። ካርድ የሚል የለም። ትለቀቅ የሚልም የለም። በአሥራ አንድ ዓመት ካነበብኩላቸው ደብዳቤ ሁሉ ያማረው ያ ነበር፤ በየመስመሩ መውጫ በር አለው።

አብዲ አንብቦ ፈገግ አለ፤ የፌዝ አልነበረም። «ኤክሴላንስ፣ በጣም ቆንጆ ነው። ግን ይህን ይዤ ማንን ነው የምፈታው?»

አምባሳደሩ ወረቀቱን ጨመደዱት። ሌላ ወረቀት ሳቡ። አሁን በአጭሩ ጀመሩ፤ ቀኑን፣ «ለክቡር...»ን፣ ከዚያ ስሜን። ስሜን ከነአባቴ ስም ጻፉት! ዓይኔ እዚያ ላይ ተተከለ። ቀጥለው አንድ ቃል፣ ሁለት ቃል... «በቤቴ ውስጥ...» ብለው ቆሙ።

ብዕሩ ወረቀቱን ነክቶ ቀረ። ቀለሙ እንደ ጉንዳን ጭንቅላት አበጠ።

ምን እያሰቡ እንደሆነ አውቃለሁ። ዛሬ ማታ በየፍራሹ ላይ የሚሣቀውን ሣቅ። «በአንድ መስኮት ተሰለፉ ያለው ሰውዬ በጓሮ በር ለሠራተኛው ለመነ!» የሚባለውን። ከሳቸው ጋር በአንድ የዕጩዎች ዝርዝር የቆሙት ሰዎች የሚሏቸውን። ይህን ሁሉ አውቅላቸው ነበር፣ ለራሴ ከማውቀው በላይ።

ውጭ የመኪና ጥሩምባ ተጯጯኸ። ጫት ገባ። ግቢው ውስጥ ዘበኞቹ ሲሯሯጡ ይሰማል፤ አብዲም ወንበሩን ገፋ አድርጎ ተነሣ። ያን ጊዜ አምባሳደሩ ቀና ብለው አዩኝ።

ያቺን አስተያየት አውቃታለሁ። በግብዣ ላይ እንግዳ አስቸጋሪ ጥያቄ ሲጠይቃቸው፣ መልስ ሲያጡ፣ ወደ ጓዳው በር እንዲያ ያዩ ነበር። እኔም ወዲያው ሳህን ይዤ እገባለሁ፤ «ትንሽ ልጨምርልዎት?» እላለሁ፤ ወሬው ይቋረጣል፣ እሳቸው ይድናሉ። ማንም አላስተማረኝም፤ ከዓመታት ብዛት ተግባባን። ጎበዝ ነበርኩበት። ዓይናቸው ሳይመለስ እደርስ ነበር።

ደረስኩ።

«ግድ የለም አምባሳደር» አልኩ። «አይቸገሩ። እኔ እስከ ዓርብ እችላለሁ፤ ከዓርብ በኋላ መጥተው ይወስዱኛል።»

አብዲ አፉን ከፍቶ ያየኛል።

«እርግጠኛ ነሽ ጽጌ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ደግማችሁ ጠይቁኝ እያልኩ በሆዴ እየጮህኩ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ደግመው ቢጠይቁኝ! እሳቸው ግን የብዕራቸውን ክዳን ገጠሙ። ስሜ ያለበትን ወረቀት በጥንቃቄ ለሁለት አጥፈው የደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ትከሻዬን ዳበስ አደረጉኝ። «ከዓርብ በኋላ ሁሉም ነገር ሌላ ይሆናል፤ ታያለሽ» አሉ።

በሩ ጋ ሲደርሱ አብዲ በአማርኛ፣ ለኔ የተናገረ መስሎ፣ «ወደ ድንበር የሚጭናቸው መኪና እኮ ነገ ጠዋት ነው» አለ።

የአምባሳደሩ እጅ በሩ ላይ ቆመ። ከዚያ በሩ ተከፈተና ተዘጋ።

ወደ ቆርቆሮው ጥላ ስመለስ ሮማን ቦርሳዬን አይታ ምንም አላለችም። ያቺ ምላሰኛ ዝም ስትል ደነገጥኩ።

«ምነው? ምን ሆንሽ?» አልኳት።

«ይሄን ማን አመጣልሽ?»

«እሳቸው።»

«ሲመጡ ይዘውት ነው የመጡት? ቢሮው ከመግባታችሁ በፊት?»

«አዎ።»

«ነይ እህቴ፣ እዚህ ነው ጥላው» አለችኝና ቦታዋን ለቀቀችልኝ።

ሰው ሊያስፈታ የመጣ ሰው ልብስ አጣጥፎ ለምን ያመጣል? አላሰብኩትም ነበር። አንዳንድ ነገር የሚገባችሁ ሌላ ሰው ቦታውን ሲለቅላችሁ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ጫኑን። ስንወጣ አብዲ ቢሮው ደጃፍ ቆሞ ነበር፤ ስሜን ከዝርዝሩ ላይ ጠራና ወረቀቱን እንጂ እኔን አላየኝም። በከተማው ዳር ስናልፍ የአምባሳደሩ ፎቶ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አየሁ። ሙጫው ገና እርጥብ ነበር። እስከ ድንበሩ ድረስ ሰዉ ሁሉ ወደፊት ሲያይ እኔ ወደኋላ ነበር የማየው፤ አንዲት ነጭ መኪና ከኋላችን ስትመጣ ባየሁ ቁጥር የሳቸው ትመስለኛለች። የጨው ጫኝ መኪና ሆነች። የውኃ ቦቴ ሆነች። ኋላም ምንም አልመጣም።

ድሬዳዋ ላይ ሮማን የአክስቷ ቤት ይዛኝ ገባች። ቅዳሜ የጎረቤት ሬዲዮ ላይ ውጤቱን ሰማሁ፤ የአምባሳደሩ ዝርዝር ወድቋል፤ እሳቸውም አልገቡም። ሮማን «እሰይ!» አለች። እኔ «እሰይ» ማለት አቃተኝ። ደብዳቤውን ቢጽፉም አይመረጡም ነበር፤ ባይጽፉም አልተመረጡም። ዓርብ ሊያመጣው የነበረው ሌላ ነገር ኖሮ አያውቅም፤ ይህንን ከተማው ሁሉ ያውቃል፣ እሳቸውም ያውቃሉ ብዬ አስባለሁ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ሁሉ ምን ተማርሽ ብትሉኝ፣ የሚያጽናና ነገር ብነግራችሁ ደስ ባለኝ። የለኝም። ፈተናው ያለኔ ተፈተነ። ወረቀቴ ፕላስቲኩ ውስጥ እንዳለ ነው። ድሬዳዋ ላይ ሰው ቤት ገባሁ፣ ወጣሁ፣ ሌላ ሰው ቤት ገባሁ። እንደኔ በሰው ቤት ያላችሁ እህቶቼ ግን አንድ ነገር ስሙኝ። ካርዳችሁን አውጥታችሁ ከስማችሁ ሥር የማን ስም እንዳለ እዩ። አሠሪያችሁ ደግ መሆኑን አትዩ፤ የኔ አሠሪ ደግ ነበሩ። ደግሞ ያ ሰው ሊናገር የሚገባው ቃል ጉሮሮው ላይ ሲቆም፣ በእግዚአብሔር፣ ሳህን ይዛችሁ አትግቡ። ይቸገር። ያልበው። አሁንም ሌሊት ሌሊት ያን ቢሮ ሳስብ፣ የምናደደው በሳቸው ብዕር ብቻ አይደለም። በኔ ፍጥነትም ነው።

ከምርጫው ሁለት ሳምንት በኋላ የሮማን አክስት ስልክ ጮኸ። ቁጥሩን ለማዳም ልኬላት ነበር። አምባሳደሩ ናቸው። ሮማን ጆሮዋን አስጠግታ ተቀመጠች።

«ጽጌ፣ እንደምን አለሽ ልጄ? ... አንድ ነገር ጠፍቶብን ነው። የደም ግፊት መድኃኒቴን የት ነበር የምታስቀምጪው?»

ሮማን በእጇ አፏን ያዘች።

«ከወጥ ቤቱ ቁም ሳጥን፣ ሁለተኛው መሳቢያ ነው» አልኳቸው። «በባዶ ሆድ እንዳይወስዱት።»

«ተባረኪ። እኛም ምን እንደምናደርግ ግራ ገብቶን...» መሳቢያ ሲከፈት ሰማሁ። «አንቺስ ደህና ነሽ አይደል?»

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ ነበረኝ።

«ደህና አይደለሁም አምባሳደር» አልኩ።

ከወዲያኛው ጫፍ የማራገቢያው ድምፅ ይሰማኛል። ጠበቅሁ። ምንም ይዤ አልገባሁም፤ ዝም ብዬ ጠበቅሁ። ረጅም ጊዜ ነው የጠበቅሁት።

«እሺ ጽጌ» አሉና ዘጉት።